ላንጋኖ ለምን አረንጓዴ አልሆነም?



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት የዓሣ ገንዳ በቤታቸው ላላቸው፣ በተለይም ጨው በጥብጠው የባሕር ዓሣ ለሚያኖሩ ወዳጆቻችን ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ መስተዋቱን የሚጋርደውን፣ ድንጋዩን የሚወረውን ዋቅላሚ በምን እናጥፋው? አንዳንዱ አልጌ ይለዋል። መልሱን ከመድኃኒት ጠርሙስ ሳይሆን ከፊታችን ካለው ከላንጋኖ ሐይቅ ቡናማ ውኃ ልጀምር።

ከላንጋኖ በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና ጠረጴዛ ላይ አሳድሩት፤ ሲነጋም ያው ቡናማ ነው። ያደፈረሰው እጅግ የደቀቀ የእሳተ ገሞራ አፈር ስለሆነ በቀላሉ አይዘቅጥም። ከአርሲ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ይጨምሩበታል፤ ነፋሱም ያምሰዋል። ሐይቁ እስከ 47 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ፀሐይ ግን ብዙም ሳትወርድ ትቀራለች። ዋቅላሚ የሚኖረው በብርሃን ነውና እዚህ መኖሪያው ላይኛው ስስ ውኃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቆቃ እንሂድ። በ1952 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተብሎ አዋሽ የተገደበበት ሐይቅ ነው። ከላይ የአዲስ አበባን እጣቢ የተሸከመው አዋሽ፣ ከጎን የሞጆን ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የያዘው የሞጆ ወንዝ፣ በክረምት ደግሞ ከማሳው የታጠበው ማዳበሪያ ይገቡበታል። ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ በዚያ ይፈላል፤ ነፋስ ወደ ዳር ሲገፋው ባልዲ ሙሉ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ ይመስላል። ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ውኃውን ማፍላት ደግሞ ይህን መርዝ አያጠፋውም። ይህ በተለይ ለእናቶች መነገር ያለበት ነገር ነው፤ ሁላችንም ማፍላት ሁሉን ያድናል ብለን አድገናልና።

ዋቅላሚ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ባለው በጪቱ ሐይቅ የሚበዛው ስፒሩሊና ፍላሚንጎዎችን የሚቀልብ ነው፤ በሌላው ዓለም ሰዎች በገንዳ እያመረቱ ለምግብ ይሸጡታል። ቆሮሶም ቢሆን ዋቅላሚ በልቶ ነው ለገበታችን የሚደርሰው።

ታዲያ አንዱን ሐይቅ እንደ ቆቃ አረንጓዴ የሚያደርገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ ኦንታሪዮ ሐይቅ 226 የተባለውን ትንሽ ሐይቅ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በሌላው ወገን በእነዚሁ ላይ ፎስፈረስ አከሉበት። ፎስፈረስ ያገኘው ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። ከአየር የተነሣው ፎቶግራፍ ከብዙ ንግግር ይልቅ የሕግ አውጪዎችን አሳብ ቀይሯል ማለት ይቻላል።

የቤት ገንዳም ጉዳዩ ያው ነው። ፎስፈረሱ የሚገባው በዋናነት በዓሣው ምግብ ነው፤ ያልተበላው ይበሰብሳል፣ የተበላውም ኩስ ሆኖ ይመለሳል። የቧንቧ ውኃም የራሱን ያመጣል፤ ስለዚህ ጨው የሚበጠበጠው በደንብ በተጣራ ውኃ ቢሆን ይመረጣል። ዓሣው በደቂቃዎች ውስጥ ጨርሶ የሚበላውን ያህል ብቻ ስጡት። ምግብ የሚሸጡት ይህን ባይወዱትም እውነቱ ይኸው ነው። ገንዳውን ከመስኮት አርቁ፤ መብራቱን በቀን ስምንት ሰዓት ያህል አድርጉት። የበቀለውን በእጅ ንቀሉና አውጡት፤ እዚያው ከተዋችሁት ፎስፈረሱም እዚያው ይቀራል። ቀንድ አውጣ ያግዛል፤ ግን የዋቅላሚውን ምግብ ካልቀነሳችሁ እርሱም አይበቃም።

መድኃኒቱንስ? መዳብ ሰልፌት ዋቅላሚ እንደሚገድል የታወቀ ነው። ነገር ግን ሽሪምፑንና ኮራሉንም ይገድላል። ብዙ ዋቅላሚ በአንድ ጊዜ ሲሞት ደግሞ ብስባሹ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ዓሣዎቹም አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ። የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ በፓልም ደሴት የመጠጥ ውኃ ግድብ ላይ የበቀለውን ዋቅላሚ ለማጥፋት መዳብ ሰልፌት ተጨመረ። ብዙም ሳይቆይ 148 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ጉበታቸው ተጎድቶ ታመሙ። ሲሞት የፈነዳው ሕዋስ በውስጡ የያዘውን መርዝ ውኃው ውስጥ አፍስሶት ነበር።

ወደ ላንጋኖ ልመለስ። ድፍርስነቱ ጋሻ ሆኖታል፤ እኔ ግን አልተማመንበትም። በደጋው የሚሠራው እርከን የግድ ያስፈልጋል፤ አፈሩ የአራሹ እንጀራ ነው። እርከኑ ሲሳካና ውኃው ጥቂት ሲጠራ ግን ማዳበሪያውና የሎጆቹ መጸዳጃ ፍሳሽ ካልተገታ፣ ከእነርሱ የሚመጣው ፎስፈረስ ብርሃን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ቆቃ ላይ አይተናል። ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች እኩል መሄድ አለባቸው። ሎጅ ያላችሁ፣ የፍሳሽ ጉድጓዳችሁን ከሐይቁ ዳር አርቁ፤ ሲሞላም በቦቴ አስመጥጡት እንጂ ወደ ሐይቁ አትልቀቁት።

ለውጡን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት ክፍል ጥቁርና ነጭ ይቀባል፤ ክብደት ይታሰርበትና በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ ይወርዳል። ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት የጥራቱ ልክ ነው። እዚህ ከአንድ ክንድ ሳይወርድ ይጠፋል። ጀልባ ያላችሁ በወር አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በጀልባው ጥላ በኩል አውርዱትና ቀኑን፣ ቦታውንና ልኩን በደብተር ጻፉ፤ የውኃው ቀለም ወደ አረንጓዴ ካደላ ያንንም ጨምሩበት።