የሴት አሠልጣኝ የሥራ ዘመን
(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ምሽት ላይ በሀና ማርያም ሰፈር ተማሪዎች ስም የተነገረ)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የሴቶች እግር ኳስ ነው። ስለዚህ ነገር ሲወራ ዘወትር የሚነሡት ተጫዋቾቹ ስለሆኑ፤ እኛ ከመሥመሩ ውጭ ቆማ ስለምትጮኸው ሰው፤ ይኸውም ስለ አሠልጣኟ ለመናገር መርጠናል። ጥያቄያችንም አንድ ነው፦ በአገራችን አንዲት ሴት አሠልጣኝነትን ጀምራ በዚያው ሥራ ልታረጅበት ትችላለችን?

ከአንድ እውነተኛ ታሪክ እንነሣ። ድሬዳዋ በኳስ የታወቀች ከተማ ናት። የጥጥ ፋብሪካዋ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል፤ ሕዝቧም በኳስ ነገር የሚፈርድ እንጂ ዝም ብሎ የሚያይ አይደለም። በዚህች ከተማ የወንዶቹ ቡድን፤ ድሬዳዋ ከተማ፤ በአሠልጣኝ መሠረት ማኒ እጅ ተሰጠ። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2015 ቡድኑን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደጉት። ከዚያ በፊት በ2014 ኮሪን ዲያክር የተባሉት ፈረንሳዊት የክሌርሞንን የወንዶች ቡድን ሲረከቡ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተሰማ፤ ክሌርሞን ግን ያን ጊዜ የሁለተኛው ዲቪዚዮን ቡድን ነበረ። የእኛዪቱ አሠልጣኝ ያሳደጉት እስከ መጨረሻው ደረጃ ነው። ከዚህ አዳራሽ ስንቱ የክሌርሞኗን፤ ስንቱስ የድሬዳዋዋን ስም እንደሚያውቅ ለማየት እጅ ማስወጣት አንፈልግም።

ሁለተኛው ታሪክ የብሔራዊ ቡድናችን የሉሲ ነው። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ ሆና ነበር። በ2019 ደግሞ በአሠልጣኝ ሰላም ዘራይ እየተመራች ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ካሜሩንን ገጠመች። ካሜሩን በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ እስከ አሥራ ስድስቱ ቡድኖች ደርሳ የተመለሰች ናት። በአገራችን 1 ለ 1፤ በመልሱ ጨዋታ 0 ለ 0 ወጡ። ልጆቹ አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ፤ ከሜዳ ውጭ የገባ ግብ ይበልጣል በሚለው ሕግ ብቻ ወደቁ። በ2021 ቡድኑ በሌላ አሠልጣኝ፤ በአቶ ብርሃኑ ግዛው እጅ ነበረ።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። አቶ ብርሃኑ ብርቱ አሠልጣኝ ናቸው፤ ወንድ በመሆናቸው የምንነቅፍባቸው ነገር የለም። እንዲያውም የእሳቸው ታሪክ ለክርክራችን ዋነኛው ምስክር ነው። በንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ቡድኑ በ2021 ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በሚያበቃው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2023 እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2024 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሞሮኮም ሄደ። በመጀመሪያው ሽንፈት ማግሥት አሠልጣኙ ተሰናብተው ቢሆን ኖሮ ይህ ዋንጫ ከየት ይመጣ ነበር? ሰው ሥራውን የሚያውቀው ከሽንፈት በኋላም በቦታው ሲቆይ ነውና።

ከውጭ አገር ምሳሌ ከተፈለገ ደቡብ አፍሪካ አለች። ዴዚሬ ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 ለአገራቸው ብሔራዊ ቡድን ተሰለፉ፤ በኋላም አምበል ሆኑ። መጫወት ካቆሙ በኋላ ረዳት አሠልጣኝ ሆነው ሠሩ። በ2016 ቡድኑን በጊዜያዊነት ያዙ፤ በ2018 ሹመታቸው ጸደቀ። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተሸነፉ። አልተባረሩም። በ2022 ዋንጫውን ወሰዱ፤ በ2023 ደግሞ ቡድናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ዋንጫ ምድብ አሳለፉት። ተጫዋች፤ አምበል፤ ረዳት፤ ጊዜያዊ፤ ከዚያም ዋና፤ ይኸ ሁሉ ሲደመር ሠላሳ ዓመት ነው። እኛ «የሥራ ዘመን» የምንለው ይህን ነው። የእኛ አገር ሴት አሠልጣኝ የሚደርሳት ግን ብዙ ጊዜ የማጣሪያ ጨዋታ ነው፤ ዘመን አይደለም።

በዓለምም ቢሆን ነገሩ ገና ነው። በ2023 በሴቶች ዓለም ዋንጫ ከቀረቡት 32 ቡድኖች ሴት ዋና አሠልጣኝ የነበራቸው 12 ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ፤ መሰላሉ ከታች የሚጀምረው እዚያ ነውና። የሀና ማርያምን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በቀደመው ጊዜ የእርሻ መሬት የነበረው አካባቢ ዛሬ ቤትና ፎቅ ሆኗል፤ ለኳስ የቀረው ባዶ ቦታ ከዓመት ዓመት ይጠብባል። በተረፈው ላይ ቀድሞ የደረሰ ወንድ ይጫወታል። ሴቶቹን የምታሠለጥን አንዲት እኅት አለች፤ ስሟን እንዳንጠራ ራሷ ስለ ለመነችን አንጠራም። ቅዳሜ ጧት ከአንድ ሰዓት በፊት ትደርሳለች፤ ምክንያቱም ከሦስት ሰዓት በኋላ ሜዳው የእሷ አይደለም። ከሰዓት በኋላ እንዳታደርገው ደግሞ ልጆቹ ውኃ ይቀዳሉ፤ ልብስ ያጥባሉ፤ ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። ወንድሞቻቸው በዚያው ሰዓት ሜዳ ላይ ናቸው። ሃያ ሁለት ልጆች፤ ሦስት ኳሶች። ከሦስቱ አንዱ በየሁለት ቀኑ መነፋት አለበት።

ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ ሃያውን ደቂቃ በማሟሟቂያ ትጨርሰዋለች። መጀመሪያ ያየነው ጊዜ ብክነት መስሎን ነበርና ጠየቅናት። የሴት ልጅ ጉልበት ከወንድ ይልቅ በጅማት መበጠስ የሚጠቃ መሆኑን፤ ፊፋም የተጫዋቾችን ጉዳት ለመከላከል «11 ፕላስ» የተባለውን የማሟሟቂያ ትምህርት ማዘጋጀቱን፤ መዝለልን፤ በአንድ እግር መቆምን፤ ሲያርፉ ጉልበትን ወደ ውስጥ አለማጠፍን ደጋግሞ ማስለመድ ጉዳትን እንደሚቀንስ አስረዳችን። ይህን ሁሉ የተማረችው በራሷ ጥረት፤ ከስልኳ ነው።

ወረቀት ግን የላትም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፈቃድ ከዲ ተነሥቶ ሲ፤ ቢ፤ ኤ እያለ ይወጣል፤ አንዱን ሳይዙ ወደሚቀጥለው መዝለል የለም። ለኮርሱ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ «ይህች ሰው የእኛ አሠልጣኝ ናት» ብሎ የሚጽፍላት ቡድን ያስፈልጋል። የሠፈር ሜዳ ደብዳቤ አይጽፍም። ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ በስሙ የሴቶች ቡድን አቋቁሞ በአገር ሊግ አሰልፏል፤ ስለዚህ ከሃያ ሁለቱ አንዷ ተጫዋች ለመሆን ብታልም ሕልሟ የሚያርፍበት አለው። አሠልጣኝ እሆናለሁ ብትል ግን የመጀመሪያው ደረጃ ከመሬት በጣም ርቋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሴቷ ችሎታ ካላት ራሷ ትወጣለች» ይሉናል። ወንዱስ ራሱ ነውን የወጣ? መጫወት ያቆመ ወንድ በማግሥቱ ረዳት ይደረጋል፤ ኮን ይደረድራል፤ ከዋናው አሠልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ ያያል፤ ሲሳሳትም ይታረማል። መጫወት ያቆመች ሴት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ልዩነቱ እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ነው እንጂ በአእምሮ ላይ አይደለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። የዩኒቨርሲቲያችን የሴቶች ቡድን ከሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ አንዲት ሴት ተማሪ በረዳት አሠልጣኝነት ይያዝ፤ ለሁለት ዓመትም ቢሸነፍ አይቀይራት። ለዲ ፈቃድ ኮርስ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከስፖርት መዋጮው ላይ ይክፈልላት። በመጨረሻም የሰፈራችንን አሠልጣኝ በቡድናችን ውስጥ በተባባሪነት መዝግቦ ያንን ደብዳቤ ይጻፍላት፤ ይኸኛው ከማኅተምና ከወረቀት በቀር ምንም አያስወጣም።

የስፖርት ኮሚቴው ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ይሰበሰባል። የድጋፍ ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን አርባ አንድ ስም አለበት፤ መምህራንም መፈረም ይችላሉ።