የባሕር ዳር አርማታ ዕድሜ እንዴት ይተመናል?



በባሕር ዳር ለሚቆም አርማታ ከማዕበሉ ይልቅ የሚያሰጋው ጨው ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ በኮንክሪቱ ረቂቅ ቀዳዳዎች ሰርጎ ከብረቱ ይደርሳል፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውንም ስስ ቅርፊት ይሰብራል። ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ የሚፈጥነውም ዘወትር በውኃ በተዋጠው ክፍል ሳይሆን ሞገድ እየረጨው በሚደርቀው ክፍል ነው፤ በዚያ ጨውም ኦክሲጅንም አይታጡምና።

እንግዲህ ጨው ከብረቱ የሚደርስበትን ዘመን አስቀድሞ ማስላት ይቻላልን? ጀርመናዊው አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 ያወጣውን የስርጭት ሕግ ኢጣሊያዊው ማሪዮ ኮሌፓርዲና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ጉዳይ አዋሉት። በሕጉ መሠረት ጊዜው ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ብረቱን እንዲሸፍን የታዘዘው 7 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት በሥራው ላይ 5 ሆኖ ቢገኝ፣ ከታሰበው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። የፌራዮው ጥንቃቄ ከብዙ ስሌት ይበልጣል ማለት ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ኮንክሪት እያረጀ ሲሄድ ጨው የማሳለፍ ጠባዩ ይቀንሳል፤ የቅነሳው መጠንም በአንድ አርቢ ይገለጣል። አርቢው 0.2 ቢሆን ከ28ኛው ቀን እስከ 100ኛው ዓመት ጠባዩ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ 0.6 ቢሆን ግን ከ70 እጥፍ በላይ ያንሳል። ይህን ያህል የሚያራርቀው ቁጥር የሚለካው በጥቂት ዓመታት ናሙና ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለመኪና የተከፈተው የዴንማርክ ታላቁ ቤልት ድልድይ ለ100 ዓመት አገልግሎት ሲነደፍ፣ የዚያው ኮንክሪት የመቶ ዓመት ናሙና ሊኖር አይችልም ነበር። አርቢውን ሳይገልጥ «መቶ ዓመት ይቆያል» የሚል የስሌት ወረቀት እምነት ሊጣልበት አይገባም። ከቆመው ሥራ በየጊዜው ናሙና እየተወሰደ አርቢው ሊታረም ይገባል፤ ያን ጊዜ ጥገናው ከዝገቱ ይቀድማል።

ግምቱ እጅግ በሚያጠራጥርበት ሥፍራ ደግሞ ብረቱን መለወጥ ይቻላል። በሜክሲኮ የፕሮግሬሶ ወደብ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1941 የተሠራው ረጅም የመርከብ መድረክ የማይዝግ ብረት ገብቶበታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲመረመር ብዙ ክሎራይድ ከብረቱ ደርሶ ሳለ ያን ያህል ዝገት አልታየበትም። ከጎኑ ዘግይቶ በተራ ብረት የተሠራው መድረክ ግን ፈርሷል። የማይዝግ ብረት ዋጋው ከተራው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ሞገድ በሚረጨው ክፍል ብቻ ማስገባቱ ይበቃል።