«ኢዮን»ን ምን እንበለው?



«ኢዮን» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ምንጩ የግሪኩ «አዮን» ነው፤ ትርጉሙም ዕድሜ፣ ዘመን፣ ዘለዓለም ማለት ነው። የግእዝ ተርጓሚዎች «ዓለም» ብለው መለሱት፤ «ለዓለመ ዓለም» ስንልም የምንጠራው ጊዜን እንጂ ምድርን አይደለም።

በሥነ ምድር ኢዮን ከሁሉ የሚሰፋው የጊዜ ክፍል ነው፤ ያለንበት የጀመረው ከ540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የስሜን ተራሮች ባዛልት ዕድሜ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በጎንደር ታሪክ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1855 ያለው 86 ዓመት ብቻ ነው። ሁሉንም «ዘመን» ብለን ብናስተምር ተማሪው ልኩን ይስታል፤ «ዓለም» ብንልም ምድር ይመስለዋል። ስለዚህ «ዘመን»ን ለታሪክ ትተን «ኢዮን»ን እንዳለ እንቀበል፤ ቃሉ እንግዳ ቢሆንም አሳቡ ጥንትም የእኛው ነበርና።