ሜጋቢትና ሜጋባይት

ሰላም፦ ዳዊት፣ ቤት ያስገባሁት ኢንተርኔት 10 ሜጋ ነው ተብሎ ነበር። ፊልም ሳወርድ ግን ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ 1.2 ነው። ተበላሁ ማለት ነው?

ዳዊት፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ! ውሉ ላይ ያለው በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተርሽ የሚቆጥረው በሜጋባይት።

ሰላም፦ ልዩነቱ ምንድን ነው ታዲያ?

ዳዊት፦ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። 10ን ለ8 ስታካፍዪው 1.25 ይመጣል።

ሰላም፦ የጎደለችውስ?

ዳዊት፦ መረጃው አድራሻና መቆጣጠሪያ ይዞ ነው የሚጓዘው፤ እሱ ትንሽ ይወስዳል።

ሰላም፦ እሺ፣ 1 ጊጋባይት ፊልም ስንት ይፈጃል?

ዳዊት፦ 1000 ለ1.25፣ 800 ሰከንድ። 13 ደቂቃ ከምናምን። በ100 ሜጋቢት ቢሆን 80 ሰከንድ።

ሰላም፦ እኔ ግን ትልቁ ቁጥር ስለሚያምር ነው በቢት የሚያስተዋውቁት እላለሁ።

ዳዊት፦ እሱም ሳይኖርበት አይቀርም። ግን መሐንዲሶቹም የመስመር ፍጥነት የሚለኩት በቢት ነው፤ በባይት የሚለካው የፋይል መጠን ነው።

ሰላም፦ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ስናየውስ?

ዳዊት፦ ትንሿ “ቢ” ቢት፣ ትልቋ “ቢ” ባይት።

ሰላም፦ አድማጮቻችን፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩን ለ8 አካፍሉት!