የአንድ ሰዓት ተኩል አባት



ባልና ሚስት ሲፋቱ ቤቱና ንብረቱ በሽማግሌም ሆነ በዳኛ ፊት ይከፈላል። ልጅ ግን እንደ ንብረት ለሁለት ስለማይቈረስ የሚከፈለው ጊዜው ነው፤ ለአንደኛው ወላጅ ዓመቱ ሲደርሰው ለሌላው አንዳንድ ቀን፣ አልፎ አልፎም አንዳንድ ሰዓት ይተርፈዋል። ይህች የተረፈች ሰዓት ምን እንደምትመስል አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ቺቨር በአንድ አጭር ታሪክ አሳይቷል። ስሙ በእኛ ቋንቋ «ዳግም መገናኘት» ሊባል የሚችለው ይህ ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. «ዘ ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ታትሞ ወጣ። ርዝመቱ ከጥቂት ገጽ አያልፍም።

ቻርሊ የተባለ ልጅ ከአያቱ ዘንድ ተነሥቶ እናቱ ወደ ተከራየችው ቤት ሲጓዝ በኒው ዮርክ ባቡር ይለውጣል። በመካከሉ አንድ ሰዓት ተኩል ስላለው ምሳ አብረው ይበሉ እንደ ሆነ ለአባቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ወላጆቹ ከተፋቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ አባቱን አላየውም። መልሱ ደረሰው፤ ዳሩ ግን የጻፈችው የአባቱ ጸሐፊ ነበረች። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እያስጻፍን የምንፈርም ሰዎች በዚህች ቦታ ላይ ጥቂት ብንቆም አይከፋም።

ልክ በእኩለ ቀን አባትየው ግራንድ ሴንትራል ከተባለው ጣቢያ ደረሰ። ግዙፍና መልከ መልካም ሰው ነው። ሲያቅፈው የውስኪውና የሽቶው፣ የጫማ ቀለሙና የሱፍ ልብሱ ሽታ ለልጁ ደስታ ሆነለት። አብረው መሆናቸውን ሰው ቢያይለት፣ ፎቶግራፍም ቢያነሣቸው ተመኘ።

ከዚህ በኋላ ያለው ያሳፍራል። በመጀመሪያው ምግብ ቤት አባትየው ሽማግሌውን አሳላፊ በጭብጨባና በሦስት ባዕድ ቋንቋ እየጮኸ ይጠራዋል፤ አሳላፊውም ሌላ ቤት እንዲፈልጉ ይነግራቸዋል። በዚህ ዓይነት አራት ቤት ያዞረዋል፤ ከአራቱም ምሳ ሳይበሉ ይወጣሉ። ስለ ልጁ ትምህርት አልጠየቀም፤ የእናቱንም ነገር አላነሣ።

ይህን አባት ሰካራምና ባለጌ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ልጁን የማይወድ ቢሆን ኖሮ ከቀጠሮው ባልመጣ ነበር። ሰውየው የፈራ ይመስለኛል። የሦስት ዓመቱን አባትነት በአንድ ሰዓት ተኩል ሊሠራው ተነሣ፤ በልጁ ፊት ትልቅ ሰው ሆኖ ለመታየት ሲፈልግ ዝቅ የሚያደርገው ሰው አሳላፊውን ብቻ አገኘ። ከልጁ ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድር አባት እንዲህ አይቸኵልም፤ ዛሬ ቢያጠፋ ነገ ማለዳ ይታረቃል። ይኸኛው ግን ነገ አልነበረውም። ሰዓቱ ሲያልቅ ልጁን ይቅርታ ጠይቆ አቀፈው፤ ጊዜ ቢኖር ኖሮ ወደ ክለቡ ይወስደው እንደ ነበርም በጸጸት ነገረው።

ልጁ ስለ አባቱ አንዲት የወቀሳ ቃል አይናገርም፤ የሆነውን ብቻ እንደ ምስክር ይነግረናል። ገና ከሩቅ ሲያየው፣ እኔም ሳድግ ይህን ሰው እመስላለሁ ብሎ አስቦ ነበርና፣ አባቱን መውቀስ የገዛ ዕድሉን መውቀስ ሳይሆንበት አይቀርም።

ከጣቢያው ሲመለሱ አባትየው ከጋዜጣ ሻጩ ጋር ደግሞ ነገር ይጀምራል። ልጁ የባቡሩ ሰዓት መድረሱን ሲነግረው፣ ሻጩን ጥቂት ሊያበሽቀው ፈልጎ አንድ አፍታ እንዲታገሠው ጠየቀው። ቻርሊም ተሰናብቶት ደረጃውን ወረደና ተሳፈረ። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።