ሰማዩን ማን ይጠብቀው?

ወንድሞች፣ እህቶች! እዚህ ሰኞ ገበያ ቆመን እስኪ ሽቅብ እንመልከት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ደሴን በቦምብ ደበደቧት። ጃንሆይ ራሳቸው መሣሪያ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰማይ ተኮሱ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም።

ጀግና ጠፍቶ ነው? በፍጹም! ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው በወኔ ብቻ አይደለም፤ ምኒልክ ጠብመንጃና መድፍ ቀድመው ስላከማቹም ነው። በ1928 ግን ጠላት ሰማይ ላይ ወጣ፣ እኛ መሬት ቀረን። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ውል ፈርማ ነበር። ወረቀቱ አላስጣለንም።

ዛሬ ደግሞ ድሮን መጣ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ ጉልበቱን ሁላችንም አየን። ግን ልብ በሉ! ከውጭ የገዛነው ድሮን ሻጩ መለዋወጫ የከለከለን ቀን ተራ ብረት ነው። ጠላት የሚፈራው ሲሰበር የሚጠግን፣ ሲያልቅ የሚሠራ ሕዝብ ነው።

ዲግሪ ይዘን ሥራ የፈታን ስንት ነን? ቀኑን በስልክ ከምንገድለው በዚያው ስልክ ኮድ እንማር፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈተን እንግጠም። ወኔውን አባቶቻችን አውርሰውናል። ዕውቀቱ የእኛ ዕዳ ነው።

ሼር አድርጉት!