የእፉኝት ዝምታ፤ በጌዴኦ የእንሰትና የቡና ጓሮ ስለ እባብ ጥንቃቄ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል የአገሩ ሰው። ይህ ተረት በብዙ ሥፍራ የሚነገረው በፈሪ ለመሣቅ ነው። በጌዴኦ ጓሮ ግን ከሣቅ ይልቅ ምክር ይሆናል። ከእንሰት የተላጠው ልጥ በደጃፍ ወድቆ ይውላል፤ የረገፈው ቅጠል መንገዱን ይሸፍናል፤ የእፉኝትም ቆዳ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ስለሆነም ልጥ አይቶ የደነገጠ ሰው የሚነቀፍ አይደለም፤ እግሩን ከማሳረፉ በፊት የሚያርፍበትን የተመለከተ አስተዋይ ነው።

በአሜሪካ አህጉር በጅራቱ ጫፍ ቃጭል የመሰለ ነገር ያለው እፉኝት አለ። ሰው ሲቀርበው ጅራቱን እያርገበገበ ድምፅ ያሰማል፤ መንገደኛውም ሰምቶ ይመለሳል። የኢትዮጵያ እፉኝት ግን ቃጭል የለውም። በሳይንስ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ የሚባለውና በአፍሪቃ ሣር ምድርና እርሻ እጅግ ተስፋፍቶ የሚገኘው አጭርና ወፍራም እፉኝት ያለው ማስጠንቀቂያ ትንፋሹ ብቻ ነው፤ ሰውነቱን በአየር ነፍቶ ጮክ ብሎ ይተነፍሳል። ይኸውም ቢሆን ሁልጊዜ አይሰማም። ሌሎች እባቦች ኮቴ ሲሰማቸው ሲሸሹ፣ እርሱ በቀለሙ ተማምኖ ከተጋደመበት ሳይነቃነቅ ይቀራል። ሰው የሚነደፈውም አብዛኛውን ጊዜ እፉኝቱ አሳዶት ሳይሆን ሳያየው ስለሚረግጠው ነው። «የእባብ ልጅ እፉኝት» የሚለውም ተረት በሥነ ሕይወት በኩል አንድ እውነት ይነካል፤ የዚህ እፉኝት ግልገሎች እንደ ብዙዎቹ እባቦች ከተጣለ እንቁላል ሳይሆን ሕያው ሆነው ይወለዳሉ፤ ከተወለዱበት ዕለት ጀምሮም መርዛሞች ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ናት ተብላ በእጅ የምትነካ እፉኝት የለችም።

የጌዴኦ አገር ለዚህ ጉዳይ የተለየ ጥያቄ ያቀርባል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከዲላ ከተማ ተነሥቶ፣ መሬቱ በምዕራብ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ ወደ ቡሌ ደጋ ይወጣል። በዚህ ተዳፋት ላይ ገበሬው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትንና ቡናን አብሮ ያበቅላል። የረገፈው ቅጠል አይጠረግም፤ በስብሶ አፈሩን ያለማል፤ ተዳፋቱንም ከመሸርሸር ይጠብቃል። ይህ የአያት ቅድመ አያት ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ በሌላ አገር የተጻፈው መጽሐፍ «እባብን ለመከላከል ቁጥቋጦውንና ቅጠሉን ሁሉ አጽዱ» ሲል፣ የጌዴኦ ገበሬ ይህን ምክር ቢፈጽም መተዳደሪያውን ያጠፋል። ለእርሱ የሚበጀው ጓሮውን ማራቆት ሳይሆን በጓሮውና በቤቱ መካከል ድንበር ማበጀት ነው።

ድንበሩም በቀላል ሥራ ይበጃል። በቤቱ ዙሪያ ጥቂት እርምጃ ያህል መሬት በየዕለቱ ተጠርጎ ባዶ ሲሆን፣ በዚያ ላይ የሚያልፍ እባብ በግልጽ ይታያል። የማገዶው ክምር፣ የድንጋዩ ቁልል፣ የቡናው ገለባና የእንሰቱ ግንድ ከግድግዳው ሥር ተነሥተው ከዚህ ክልል ውጭ ይቀመጣሉ። በግድግዳውና በወለሉ ያለው ቀዳዳ በጭቃ ይደፈናል። ከሁሉም በላይ እህሉ አይጥ በማይደርስበት ዕቃ ይከደናል፤ እባብን ወደ ቤት የሚጠራው ሰው ሳይሆን አይጥ ነውና። ከመሬት ይልቅ በአልጋ ላይ መተኛትና ጠርዙ ከፍራሹ ሥር የተጠቀጠቀ አጎበር መጠቀም ከወባ ብቻ ሳይሆን በሌሊት ከሚገባ እባብም ይጠብቃል።

በጓሮው ውስጥ ደግሞ ድንበሩን የሚያበጀው በትር ነው። የወደቀ ቡና የምትለቅም ሴት ቅጠሉን አስቀድማ በበትር ብትገልጥ፣ ቆጮ የተቀበረበትን ጉድጓድ የምትከፍትም የላዩን ቅጠል በእጅዋ ሳይሆን በእንጨት ብታነሣ፣ አደጋው ብዙ ይቀንሳል። ብዙው ንድፊያ የሚደርሰው በእግርና ከቁርጭምጭሚት በታች ስለሆነ ቦት ጫማ ትልቅ ጋሻ ነው። በሌሊት ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው መንገዱ የቱንም ያህል አጭርና የታወቀ ቢሆን የእጅ ባትሪ ይያዝ።

እባብ ያጋጠመው ሰው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ይገባዋል። ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊገድል ሲሞክር ነው፤ የተገደለም እባብ ራሱ ተቆርጦ ሳለ ሊነድፍ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ አብዛኞቹ የእባብ ዓይነቶች በሰው ላይ ብርቱ ጉዳት የማያደርሱ ሲሆኑ፣ ገበሬው በጎተራው የሚጠላውን አይጥ የሚያጠፉለት እነርሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አደጋ አይቀርም። ለምሳሌ ያህል፣ በኅዳር ማለዳ ቡና ለቀማ የወጣች አንዲት እናት ቁርጭምጭሚትዋን ብትነደፍ፣ ከዚያ በኋላ ዕድልዋን የሚወስነው ሰዓት ነው። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ይጎዳል፤ እግሩ ያብጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ደም ይፈስሳል፤ የደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ቤተ ሰቡ ከፍቅሩ የተነሣ እግርዋን በገመድ ያስራል፤ ቁስሉን በምላጭ ይበጣል፤ ደሙን ይመጣል፤ ቅጠል ይቀባል። እሥራቱ ደም እንዳይደርስ አግዶ የእግሩን መሞት ያፋጥናል፤ ብጣቱ የደም መፍሰስን ያብሳል፤ መምጠጡ መርዙን አያወጣም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በዚህ ሁሉ የሚጠፋው ጊዜ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ጥቂት ነው። የተነደፈችው ትረጋጋ፤ በእግርዋ አትሂድ። ቀለበትና አልቦ እብጠቱ ሳይበረታ ይውለቅ። እግሩ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ። እባቡን ፈልጎና ገድሎ ማምጣት ሌላ ሰው ከማስነደፍ በቀር አይጠቅምም። መርዙን ወደ ዓይን የሚተፋ የኮብራ ዓይነትም አለ፤ ዓይኑ የተነካ ሰው ሳያሽ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይጠብ፤ ከዚያም በሐኪም ይታይ።

ከዚህ በኋላ ያለው ኃላፊነት የጤና ባለሙያው ነው። ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ተቀድቶ ሳይነካ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቱቦው አንድ ጊዜ ሲዘነበል ያልረጋ እንደ ሆነ፣ መርዙ የደምን መርጋት እንዳወከ ያመለክታል። ይህ ምርመራ በትንሽ ጤና ጣቢያም ሊሠራ ይችላል። ታስራ የመጣች ሕመምተኛ እሥራትዋ በድንገት አይፈታም፤ ዝግጅት ተደርጎ ቀስ በቀስ ይላላል። የመርዝ ማርከሻው መድኃኒት ለሕፃንም ለአዋቂም መጠኑ አንድ ነው፤ እባቡ ለሕፃን መርዙን አይቀንስምና። መድኃኒቱ ራሱ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል አድሬናሊን በአጠገብ ይዘጋጃል። ማርከሻው በደም ውስጥ ያለውን መርዝ ያከሽፋል እንጂ የሞተ ሥጋ አይመልስም፤ የሰዓቱ ነገር ደግሞ ደጋግሞ የሚነሣው ስለዚህ ነው።

ማርከሻው የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ ደም ነው፤ ፈረሱ ጥቂት በጥቂት መርዝ ሲሰጠው የሚያበጀው መከላከያ ተጣርቶ ይወሰዳል። በእስያ እባብ መርዝ የተሠራ ማርከሻ የአፍሪቃን እፉኝት መርዝ ለመመከት አይታመንም፤ ገዢው አካል ይህን ማየት አለበት። ለአፍሪቃ እባቦች ይሠራ የነበረው ፋቭ አፍሪክ የተባለው መድኃኒት ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆሟል፤ የመጨረሻውም ክምችት በ2016 ጊዜው አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር የመደበው በ2017 ሲሆን፣ በግምቱ መሠረት በዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በዚህ ምክንያት ይሞታሉ። በ2019 ያወጣውም ዕቅድ ሞቱንና የአካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ነው።

ይህን ግብ ለመምታት ሁሉም ነገር ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በኔፓል ቆላ፣ የተነደፈውን ሰው በሞተር ብስክሌት በሁለት ሰዎች መካከል አስቀምጠው ወደ ሕክምና የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞች በየመንደሩ ሲደራጁና ሕዝቡም ሲማር፣ ከተነደፉት መካከል የሚሞቱት ከመቶ 10.5 ወደ 0.5 ወርደዋል። የጌዴኦ ተዳፋትም ሞተር ብስክሌት አያጣም፤ የሚያስተባብር ማኅበርም አያጣም። ዕድር ሬሳ ለማንሣት በአንድ ጥሪ የሚሰበሰብ ሕዝብ ነው። ይኸው ዕድር የትኛው ሞተር፣ በማን ነጂነት፣ ማርከሻ ወዳለበት ወደ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ከቡና ለቀማው ወራት በፊት ቢወስን፣ ለቀብር የሚጠራበት ቀን ይቀንሳል። የጤና ባለሙያውም ድርሻ ማርከሻው የት እንዳለና የት እንደሌለ ለዕድሩ አስቀድሞ መንገር ነው።

እፉኝት በዝምታ ይተኛል፤ ይህ ተፈጥሮው ነው። የባለሙያው ዝምታ ግን ተፈጥሮ አይደለምና ሊሰበር ይገባል።